ቤት ምልክት ሲሰጥ የምንሠራቸው ስህተቶች

በቤት ላይ የሚደርስ ከባድ ጉዳት፣ የኤሌክትሪክ ቃጠሎም ይሁን የግድግዳ መሰንጠቅ ወይም የከሰል መመረዝ፣ አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ ያስታውቃል። ብዙዎቻችን ምልክቱን እናየዋለን፣ እናሸተዋለን፣ አንዳንዴም በእጃችን ይሰማናል፤ ከዚያ በኋላ ግን መንስኤውን ከመፈለግ ይልቅ ምልክቱን እናጠፋለን። ስንጥቁን በጀሶ እንደፍናለን፣ የወረደውን ብሬከር እናነሳለን፣ ከሚያፈሰው ኮርኒስ ሥር ባልዲ እናስቀምጣለን። እዚህ የማነሳቸው ስህተቶች በአዲስ አበባ ቤቶች ደጋግሜ ያየኋቸው ሲሆኑ፣ ጥቂቶቹን በቤተሰቤ ቤት እኔው ራሴ ሠርቻቸዋለሁ።

የሚነዝር ዕቃን በጫማ ማለፍ

«ፍሪጁ ይነዝራል፣ ጫማ አድርገሽ ክፈቺው» የሚለውን ማሳሰቢያ ያልሰማ ሰው ያለ አይመስለኝም። ነጠላ ጫማው ከበሩ ሥር ይቀመጣል፣ እንግዳ ሲመጣ ይነገረዋል፣ ነገሩም ከቤቱ ልማዶች እንደ አንዱ ይቆጠራል። ይህ ከሁሉ የከፋው ስህተት ነው ብዬ አምናለሁ። የፍሪጅ፣ የምጣድ ወይም የልብስ ማጠቢያ አካል የሚነዝር ከሆነ፣ ኤሌክትሪኩ መሄድ ከሚገባው ሽቦ ወጥቶ ወደ ብረቱ እየደረሰ ነው፤ ወደ መሬት የሚያወርደው የመሬት መስመርም ወይ ጭራሹን አልተዘረጋም ወይ ተቋርጧል። ዛሬ በደረቅ እጅ የተሰማው ትንሽ ንዝረት፣ ነገ ወለሉ ሲታጠብ ወይም ሕፃን በባዶ እግሩ ሲነካው ገዳይ ሊሆን ይችላል። ዕቃውን ወዲያውኑ ከሶኬት መንቀል፣ ከዚያም የዕቃውን ብቻ ሳይሆን የቤቱን የመሬት መስመር በባለሙያ ማስፈተሽ ያስፈልጋል። 30 ሚሊ አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ከመስመሩ ውጭ ሲፈስ በቅጽበት የሚያቋርጥ ብሬከር አለና፣ የቤቱ መስመር በሚታደስበት ጊዜ እርሱን ማስገባት ከወጪው በእጅጉ የሚበልጥ ጥቅም አለው።

የሚወርድን ብሬከር በትልቅ መተካት

በ220 ቮልት 3.5 ኪሎ ዋት የሚፈልግ የእንጀራ ምጣድ ብቻውን 16 አምፔር ያህል ይስባል። ከዚሁ መስመር ላይ በዲቫይደር አማካይነት የውኃ ማሞቂያና ካውያ ሲጨመሩ ብሬከሩ ይወርዳል፤ መውረዱም ሥራው ነው፣ ምክንያቱም የተቀመጠው በግድግዳው ውስጥ ያለው ሽቦ ከአቅሙ በላይ እንዳይግል ነው። በቤታችን በየእንጀራ ጋገራው ቀን ብሬከሩ እየወረደ ሲያስቸግር፣ ጠርተነው የመጣው ሠራተኛ በ32 አምፔር ቀይሮልን ሄደና እኛም አመስግነን ሸኘነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ብሬከሩ ወርዶ አያውቅም፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ግን የማእድ ቤቱ ሶኬት ፊቱ ቡናማ ሆነ፣ የምጣዱ ስፒናም ከላስቲኩ ጋር መጣበቅ ጀመረ። ሶኬቱ ሲፈታ ከኋላው ያለው የሽቦ ልባስ ደርቆ እንደ ቅርፊት ይረግፍ ነበር። ያስጠነቅቀን የነበረውን ነገር በገንዘባችን አስነቅለነዋል ማለት ነው።

ስለዚህ ብሬከር ደጋግሞ ሲወርድ መቀነስ ያለበት ጭነቱ ነው፤ ያ ካልሆነ ለምጣዱ ራሱን የቻለ ወፍራም መስመር ከቆጣሪው ይዘረጋለታል። የተቃጠለ ላስቲክ ሽታ፣ ሲነኩት የሚሞቅ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ስፒና ሲሰካ የሚሰማ የመንጣጣት ድምፅ እነዚህ ሁሉ የላላ ወይም የተቃጠለ ማያያዣ እንዳለ ይናገራሉ። ሦስት ፌዝ በገባበት ቤት ደግሞ የአንዱ ክፍል አምፖል ከልክ በላይ ደምቆ የሌላው ከፈዘዘ፣ የኒውትራል መስመሩ (ኤሌክትሪኩ የሚመለስበት የጋራ ሽቦ) መላላቱን ወይም መበጠሱን ጠርጥሮ ዋናውን ማጥፋትና ለኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ማመልከት ይገባል፤ አምፖል መቀያየር በዚህ ጊዜ ምንም አይረዳም።

ስንጥቅን በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ ማየት

በከተማችን ብዙ ቤት ቀለም የሚቀባው ለእንቁጣጣሽ ነው። ግድግዳው ይፋቃል፣ ስንጥቁ በጀሶ ይሞላል፣ ቤቱም አዲስ ይመስላል፤ ጥርና የካቲት ላይ ስንጥቁ በዚያው መስመር ተመልሶ ሲታይ ቀለም ቀቢው ይወቀሳል። በቦሌ በኩል እንዳሉት በርካታ ሰፈሮች ሁሉ ቤቱ ጥቁር ኮትቻ አፈር ላይ የተሠራ ከሆነ ግን ቀለም ቀቢው ጥፋት የለበትም። ኮትቻ በክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በበጋ ደርቆ ይኮማተራል፤ መሠረቱ በጥልቀት ካልወረደ ወይም አፈሩ ተጠርጎ ካልተተካ፣ ቤቱም አብሮት ከፍና ዝቅ ይላል። ስለዚህ በአንድ ወቅት ብቻ የታየ ስንጥቅ ስለ መጠኑም ስለ አካሄዱም ያሳስታል።

ሁሉም ስንጥቅ አደገኛ አይደለም። በልስኑ ላይ እንደ ሸረሪት ድር የተበተነ ቀጭን መስመር አብዛኛውን ጊዜ ልስኑ ሲደርቅ የመጣ ነው። ከበርና ከመስኮት ማዕዘን ተነስቶ በሰያፍ የሚወጣ፣ የብሎኬቱን መገጣጠሚያ ተከትሎ እንደ ደረጃ የሚሄድ፣ ከታች ጠብቦ ከላይ የሚሰፋ ስንጥቅ ግን የመሠረት እንቅስቃሴን ያመለክታል፤ ይዘጋ የነበረ በር መንከስ ከጀመረ ጥርጣሬው ይጠነክራል። የስንጥቁን ሁለት ጫፎች በእርሳስ ምልክት አድርጎ ቀኑን መጻፍ፣ ስፋቱንም በማስመሪያ ለክቶ በክረምት ማብቂያና በበጋ አጋማሽ ማነጻጸር ከማንኛውም ግምት ይሻላል። ከ5 ሚሊ ሜትር በላይ የሰፋ ወይም በየወቅቱ የሚረዝም ስንጥቅ መሐንዲስ ሊያየው ይገባል። እስከዚያው ድረስ ከአሸንዳው የሚወርደው ውኃ ከመሠረቱ ሥር እንዳይተኛ ማራቅ፣ በግቢው ውስጥ የሚያፈስ ቧንቧ ካለም መጠገን ይቻላል፤ አፈሩን የሚያሳብጠው ይኸው ውኃ ነውና።

የደረቀን እርጥበት እንደዳነ መቁጠር

ኮርኒስ ላይ የታየ ቢጫ ክብ ሲደርቅ እንረሳዋለን። ጠቃሚው ጥያቄ ግን መቼ ይረጥባል የሚለው ነው። ዝናብ ሲዘንብ ብቻ ከሆነ ከቆርቆሮው ምስማር ወይም ከአሸንዳው ነው። ውኃ በፈረቃ በሚመጣበት ቀን ብቻ ከሆነ፣ ከቆጣሪ ወደ ሮቶ የሚሄደው ቧንቧ ግፊት ሲያገኝ ያፈሳል ማለት ነው። በኮንዶሚኒየም ደግሞ የላይኛው ቤት ሰው ገላውን ሲታጠብ ከረጠበ መንስኤው የፍሳሽ መስመሩ ነው፤ ቀንና ሰዓቱን ጽፎ ይዞ መነጋገር ከጎረቤት ጋር የሚነሳውን ጭቅጭቅ በእጅጉ ያሳጥረዋል። በመሬት ውስጥ ያለ ቧንቧ ማፍሰሱን ለማወቅ፣ በፈረቃው ቀን የሮቶውን መግቢያ ጨምሮ ሁሉንም ቧንቧ ዘግቶ የቆጣሪውን ቁጥር መመዝገብና ከሁለት ሰዓት በኋላ ማየት በቂ ነው። ቁጥሩ ከተንቀሳቀሰ ውኃው ወደ መሬት እየሄደ ነው።

ስለ ምስጥ አንድ ነገር ብቻ ልጨምር። በግድግዳው ላይ የሚወጣውን የጭቃ መስመር ጠርጎ መጣል ምስጡን አያጠፋውም፤ የጭቃ ቤት ከሆነ ቋሚውን በመዶሻ እጀታ መታ መታ አድርጎ ባዶ ድምፅ የሚሰጠውን ማግኘት ይቀድማል።

ጭስ ከሌለ አደጋ የለም ብሎ ማመን

«ከሰሉ ፍም ሆኗል፣ አይጎዳም» ተብሎ ከቡና በኋላ ማንደጃው ወደ መኝታ ክፍል የሚገባበት ቤት ብዙ ነው፤ በብርዱ ወራት ደግሞ በሩ ሥር ጨርቅ ይወተፋል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ግን ሽታም ቀለምም የለውም፣ ጭሱ የጠፋ ፍምም ያወጣዋል። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን ከ200 እጥፍ በላይ አጥብቆ ስለሚይዝ፣ ሰው ሳይታፈን፣ ሳያስለውም ይደክማል። ምልክቱ የራስ ምታት፣ ማዞርና ማቅለሽለሽ ነው፤ እኛም ብርድ ነው ወይም ድካም ነው ብለን እንተኛለን፣ መተኛቱም ነው የሚገድለው። ለይቶ ማወቂያው አንድ ክፍል ውስጥ ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ መታመማቸውና ውጭ ሲወጡ ሕመሙ መቅለሉ ነው።

እንዲህ ያለ ነገር ሲጠረጠር በሩንና መስኮቱን ከፍቶ ሁሉንም ሰው ወደ ውጭ ማውጣት፣ የተኙትንም ቀስቅሶ ማስነሳት ይቀድማል። ራሱን የሳተ፣ ነፍሰ ጡር ወይም ሕፃን ካለ ቢሻላቸውም ሳይዘገዩ ወደ ሕክምና መሄድ አለባቸው። እዚያም ሲደርሱ ክፍሉ ውስጥ ከሰል እንደነበረ ለሐኪሙ በግልጽ መናገር ያስፈልጋል፤ በጣት ላይ የሚደረገው የኦክስጅን መለኪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ከጤነኛው ስለማይለይ፣ ሕመምተኛው እየተመረዘ እንኳ ደህና ቁጥር ሊያሳይ ይችላል።