የገማ ላይቭ ሮክ እንዴት ይታከማል

ለዓሣ ገንዳዬ የመጣውን ላይቭ ሮክ፣ ማለት የባሕር ድንጋይ፣ የያዘውን ካርቶን የከፈትኩት ሳሎን ውስጥ ነበር። ጥፋቱ ከዚህ ይጀምራል። እርጥቡን ጋዜጣ ገለጥ ሳደርገው የወጣውን ሽታ አሁንም አልረሳሁትም። ባለቤቴ ቡና እያፈላች ነበር፤ እጣን ብትጨምርም አልቻለውም። ብዙም ሳይቆይ የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን በር አንኳኳ። ጋዝ የሚያፈስ መስሎት ነው። ሃያ ኪሎ ድንጋይ በረንዳ ወጣ፣ እኔም አብሬው ወጣሁ።

እዚህ ሜሪላንድ የጨው ውሃ አኳሪየም የጀመረ ሐበሻ ብዙ አላውቅም። ለጀመራችሁና ለምታስቡት ግን ይሄ ቀን አይቀርላችሁም። ድንጋዩን ለመጣል አትቸኩሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል።

ላይቭ ሮክ ሲባል ድንጋዩ ራሱ ሕይወት አለው ማለት አይደለም። የሞተ ኮራል አጽም ነው፣ ውስጡ በቀዳዳ የተሞላ። ሕይወት ያለው በቀዳዳዎቹ የሚኖረው ነው፦ ባክቴሪያ፣ ስፖንጅ፣ ትላትል፣ ሐምራዊ አልጌ። ባክቴሪያዎቹ ከዓሣ የሚወጣውን አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት ይቀይሩታል። ገንዘብ የምናወጣበትም ለዚህ ነው፤ ማጣሪያ እየገዛን ነው። ችግሩ መንገዱ ነው። ድንጋዩ ከውሃ ወጥቶ በእርጥብ ጋዜጣ ተጠቅልሎ ሲጓዝ ከነዋሪዎቹ ብዙዎቹ ያልቃሉ። በተለይ ስፖንጅ አየር አይችልም። የሞተው ሲበሰብስ አሞኒያ ይወጣዋል። ኦክስጅን በማይደርስበት ቀዳዳ ውስጥ ደግሞ ሃይድሮጅን ሰልፋይድ ይፈጠራል። የገማ እንቁላል የሚሸተው እሱ ነው።

መጀመሪያ አንድ በአንድ እያነሳችሁ አሽትቱ። ደህናው ድንጋይ ባሕር ባሕር፣ እርጥብ አሸዋ አሸዋ ይላል። ያደረ ሽሪምፕ ወይም የገማ እንቁላል የሚለውን ለብቻ አስቀምጡ። ዓሣ ያለበት ገንዳ ውስጥ ግን አንዱንም እንዳታስገቡ። የጨው ውሃ ፒኤች (የአሲድነት መለኪያ) ከ8 በላይ ስለሆነ አሞኒያ በዚያ ውስጥ መርዝነቱ ይብሳል። አንድ የገማ ድንጋይ ሌሊቱን ዓሣውን ሁሉ ሊፈጅ ይችላል።

ከዚያ ጓንት አድርጉ፣ የዓይን መከላከያ አድርጉ፣ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ሸፍኑት። ሥራው ከቤት ውጭ ይሁን፣ ካልሆነም መስኮት ክፈቱ። «ቀቅለው፣ ሁሉም ነገር ይሞታል» የሚል መካሪ አይጠፋም። አትስሙት! ድንጋይ ላይ የሚበቅሉ አንዳንድ የኮራል ዘመዶች ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። በእንፋሎት ሲወጣ ሳንባ ውስጥ ይገባል። እንዲህ ዓይነት ድንጋይ ቀቅለው ሆስፒታል የገቡ ሰዎች አሉ። በፈላ ውሃ ማጠብም፣ ማይክሮዌቭም እንደዚያው ነው።

የጨው ውሃውን ቀድማችሁ አዘጋጁ። ሳሙና ነክቶት የማያውቅ ትልቅ የፕላስቲክ በርሜል ያስፈልጋል። በአርኦ (ሪቨርስ ኦስሞሲስ በሚባል ማጣሪያ) የተጣራ ውሃ ሙሉበት፣ በሊትር ወደ 35 ግራም ለጨው ውሃ አኳሪየም የሚሸጥ ጨው ጨምሩ። የጨው መለኪያችሁ 1.025 አካባቢ ሲያሳይ ይበቃል። የወጥ ጨው አይሆንም፤ ካልሲየምና ማግኒዚየም የለውም። የቧንቧ ውሃ ብቻ ካላችሁ ክሎሪን ማጥፊያ ጨምሩበት።

አሁን ወደ መፋቁ። ትንሽ የጨው ውሃ በባልዲ ቅዱና ድንጋዩን እዚያ ውስጥ እየነከራችሁ አራግፉት። በቧንቧ ውሃ አትጠቡት፤ ልታድኗቸው የፈለጋችኋቸውን ባክቴሪያዎች ትገድላላችሁ። የኔ ከሁሉ የከፋው ድንጋይ ከላይ ሲያዩት ቆንጆ ነበር፣ ሐምራዊ። ስገለብጠው ሆዱ ሥር አውራ ጣት የሚያክል ስፖንጅ አገኘሁ። ጠርዙ ገና ቢጫ ነው፣ መሃሉ ግን ግራጫ ሆኖ እንደ ንፍጥ ይዝለገለጋል። በወረንጦ ስስበው እየተቆራረጠ መጣ፣ ሥሩ ጥቁር ነው። ሽታው ሁሉ ከዚያች ጉድጓድ ነበር ማለት ይቻላል። አሮጌ የጥርስ ብሩሽ አስገብቼ ጥቁሩ እስኪለቅ ፋቅሁት። ነጭና ግራጫ ዝልግልግ ነገር ሁሉ ይውጣ። ጠንካራውን ሐምራዊ ልባስ ግን ተዉት፣ እሱ ጤነኛ ነው። ሸርጣን ወይም እሾሃማ ትል ዱብ ቢል አትደንግጡ። ትሉን በባዶ እጅ አትንኩት፣ ፀጉሩ ቆዳ ውስጥ ይገባል።

የተፋቀውን በርሜል ውስጥ ደርድሩ፣ ውሃ በመሃሉ እንዲያልፍ ላላ አድርጋችሁ። ውሃውን በደንብ የሚያንቀሳቅስ ፓምፕና ማሞቂያ አስገቡ። ሙቀቱ 25 ወይም 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ይሁን። አልጌ እንዳይወርሰው ብርሃን ከልክሉት፣ ክዳኑ ግን አየር ያስገባ። ፕሮቲን ስኪመር፣ ማለት ቆሻሻውን በአረፋ ከውሃው የሚያወጣ መሣሪያ፣ ካላችሁ ብዙ ያግዛል።

ከዚህ በኋላ ያለው ትዕግሥት ነው። በየሁለት ሦስት ቀኑ አሞኒያና ናይትራይት ለኩ። በሳምንት አንዴ ቢያንስ ግማሹን ውሃ ቀይሩ፣ አሞኒያው በጣም ከወጣ ቶሎ ቶሎ። በቀየራችሁ ቁጥር ታች የተጠራቀመውን ቡናማ ዝቃጭ በቱቦ ሳቡና ድንጋዩን እንደገና አሽትቱ። አዲስ የሞተ ነገር ካለ መልሳችሁ ፋቁ። የኔ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሽታው ጠፋ። ደስ ብሎኝ ገንዳ ውስጥ ላስገባው ስል መለኪያው አሞኒያ አሳየኝ። አፍንጫ ከአሞኒያ ቀድሞ «አለቀ» ይላል፣ አትመኑት። አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ሆነው አንድ ሳምንት መቆየት አለባቸው። ቶሎ ከሆነ ሁለት ሳምንት፣ ከከፋ ስድስት ሳምንትም ይወስዳል።

ስድስት ሳምንት አልፎት አሁንም እንቁላል እንቁላል የሚል ድንጋይ ካለ ተስፋ ቁረጡበት። ግን አይጣልም። አንድ እጅ ሽቶም ሳሙናም የሌለበት ተራ በረኪና ለአሥር እጅ ውሃ በጥብጣችሁ፣ ከቤት ውጭ አንድ ሁለት ቀን ዘፍዝፉት። በረኪናን ከኮምጣጤ ወይም ከሌላ አሲድ ጋር በፍጹም አትቀላቅሉ፤ የሚወጣው የክሎሪን ጋዝ ነው። ከዚያ ደጋግማችሁ አጥቡት፣ ክሎሪን ማጥፊያ ባለው ውሃ ንከሩት፣ ፀሐይ ላይ እስኪደርቅ ተዉት። ሕይወቱ ጠፍቷል፣ ከጎኑ ጥሩ ላይቭ ሮክ ስታስቀምጡለት ግን ባክቴሪያው ቀስ በቀስ ይዛመትበታል።

በሚቀጥለው ስትገዙ ሻጩን ሁለት ነገር ጠይቁ፦ ድንጋዩ ታክሟል ወይ፣ ስንት ቀንስ በጉዞ ላይ ይቆያል? ፍሎሪዳ ውስጥ የባሕር እርሻዎች አሉ፤ ድንጋይ ባሕር ውስጥ ጥለው ዓመታት አቆይተው ያወጡታል። አሜሪካ ለምንኖር የነሱ ከሩቅ ከሚመጣው ያነሰ መንገድ ይጓዛል።

የዳነውን ድንጋይ ገንዳችሁ ውስጥ ስታስገቡ አሸዋ ላይ ሳይሆን በቀጥታ ወለሉ ላይ አቁሙት፣ አሸዋው በኋላ ይሞላል። ዓሣ ቆፍሮ ድንጋይ ሲንድ አይቻለሁ። አንድ ሳምንት ጠብቁና ደግማችሁ ለኩ። አሞኒያም ናይትራይትም ዜሮ ከሆኑ ዓሣ አስገቡ፦ አንድ ብቻ፣ ያውም ትንሽ።