ሲመሽ ቦታ አይመረጥም፦ መንገድ ላይ ስናድር የምንሠራቸው ስህተቶች

ከጅማ እየተነሳሁ እንግዳ ይዤ መዞር ከጀመርኩ ብዙ ዓመት ሆኖኛል። ቦንጋ፣ ሚዛን፣ ጂንካ፣ ቱርሚ፣ አርባ ምንጭ፣ ሲገኝ ደግሞ እስከ ሰሜን ድረስ እሄዳለሁ። ከዓመቱ ሌሊቶች የሚበዙትን የማድረው ድንኳን ውስጥ ነው፤ ካልሆነም የኋላ ወንበሯን አውጥቼ አልጋ ባስገጠምኩላት አባዱላዬ ውስጥ። ቤታቸውን በመኪና ጭነው አገር ላገር የሚዞሩ ፈረንጆችንም እመራለሁ። የእነሱ አልጋ፣ ወጥ ቤት፣ ሽንት ቤት፣ ሁሉም እዚያው መኪናው ላይ ነው።

ባለፈው ሳምንት ከምሽቱ 3 ሰዓት ላይ ሦስት ወጣቶች ደወሉልኝ። አሰንዳቦ አካባቢ ናቸው፣ ዝናብ ይዟቸዋል፣ ድንኳን የሚተክሉበት ቦታ ይፈልጋሉ። የያዝኩትን ትቼ ሄድኩ። ስደርስ መኪናቸው ከአስፋልቱ ወርዳ መረሬ ጭቃ ውስጥ እስከ ሆዷ ሰምጣለች። በዚህ ዓመት ብቻ እንዲህ ዓይነት ስልክ ሲደወልልኝ አራተኛው ነው። ስለዚህ ልጻፈው።

መሽቶ መድረስ

ከሁሉም የሚብሰው ይሄ ነው። ሌሎቹ ስህተቶች የሚወለዱትም ከዚህ ነው።

ከአዲስ አበባ ጅማ ወደ 350 ኪሎ ሜትር ነው። ካርታ ላይ ሲያዩት ቀላል ይመስላል። ግን ቁርስ ተበልቶ፣ ነዳጅ ተሰልፎ፣ ወልቂጤ ምሳ ተበልቶ፣ የጊቤን ቁልቁለትና ዳገት ከጭነት መኪና ኋላ እየተጎተቱ ወጥተው፣ መሀል ላይ ደግሞ ለፎቶ ሁለት ሦስቴ ቆመው፣ 12 ሰዓት ሲሆን ገና ሰኮሩ ናችሁ። ከዚያ አንዱ ተነስቶ «ትንሽ እንግፋ» ይላል። ያቺ «ትንሽ እንግፋ» ናት ጉድ የምትሠራችሁ። ፀሐይ እኛ አገር ቶሎ ነው የምትጠልቀው፤ 1 ሰዓት ገደማ ጨለማ ነው። ከዚያ በኋላ የምታዩት የመኪናችሁ መብራት ያሳያችሁን ብቻ ነው። መብራት ደግሞ የሚያሳየው ሜዳነቱን ነው። ከላዩ የተሰበረ ቅርንጫፍ መኖሩን፣ ከሥሩ ውሃ የሚያቁር መሆኑን፣ ማዶ የሰው መቃብር መሆኑን አያሳይም።

እኔም አድርጌዋለሁ። ቱርሚ አካባቢ ነው፣ ሚያዝያ ላይ። ጎማ ፈንድቶብን ስለዘገየን የደረስነው ከምሽቱ 2 ሰዓት ነበር። ደክሞናል። መብራቱ ለጥ ያለ፣ ንጹህ፣ ለስላሳ አሸዋ አሳየን። እንግዶቼ ተደሰቱ፣ ድንኳን ተከልን፣ ተኛን። ሰማዩ ከዋክብት በከዋክብት ነበር፣ አንዲት ደመና የለችም። ከሌሊቱ 8 ሰዓት ገደማ አንድ ከብት ጠባቂ እየጮኸ መጥቶ ድንኳኑን መታው። የሚለውን አልሰማሁትም፣ ግን ከሩቅ እንደ ከባድ መኪና የሚያጓራ ድምፅ ሰማሁ። እንግዶቼን ገፍቼ አስገብቼ፣ መኪናዋን ዳር ላይ ሳወጣት የኋላ ጎማዋን ውሃ ነክቶታል። ድንኳኖቹ፣ ቡታጋዙ፣ ጀሪካኖቹ ሄዱ። የተኛነው የደረቀ ወንዝ መሀል ላይ ነበር። ዝናቡ የዘነበው እኛ ላይ አይደለም፤ ራቅ ብሎ ተራራው ላይ ነው።

እኛ ጅማዎች ዝናብ ሲባል ክረምት ነው የሚታየን። ቱርሚ ያለችበት ደቡብ ኦሞ ግን ዋናው ዝናብ የበልጉ ነው፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት። ጥቅምትና ኅዳር ላይም ትንሽ ይመለሳል። ደግሞ የደረቀ ወንዝ የሚያደርገውን አገሩ ሁሉ ያውቃል። ሐምሌ 1998 መጨረሻ ላይ ድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰው ነው የወሰደው። ከላይ ከደጋው የወረደ ውሃ ነው።

በቀን ብደርስ ኖሮ ቁጥቋጦው ላይ በሰው ደረት ልክ የተንጠለጠለውን ገለባና እንጨት አየው ነበር። ጎርፍ የሰቀለው ነው። ያንን ያየ ሰው እዚያ አይተኛም።

ስለዚህ 10 ሰዓት ላይ ቁሙ። ሞተር አጥፉ፣ ዕቃ ግን አታውርዱ። መጀመሪያ በእግር ዙሩት። ወደ ላይ እዩ፦ የደረቀ ቅርንጫፍ አለ? የመብራት ሽቦ አለ? ወደ ታች እዩ፦ ፋንድያ፣ የከብት መንገድ፣ የጉንዳን መስመር አለ? ከዚያ በአቅራቢያ ያለውን ሰው ሰላም ብላችሁ ጠይቁ። ሩብ ሰዓት ቢፈጅ ነው። ካልወደዳችሁት ሌላ ለመፈለግ ሁለት ሰዓት ብርሃን ይቀራችኋል። ከመሸባችሁ ደግሞ ቦታ መፈለጉን ተዉት። ከተማ ግቡ፣ የሆነ ሆቴል ግቢ ከፍላችሁ መኪናችሁ ውስጥ ተኙ። ባያምርም ይነጋል።

ውሃ ዳር ካልሆነ ማለት

ሁሉም ሰው ሐይቅ እያየ መንቃት ይፈልጋል። ይገባኛል። ግን ጅማ ራሷ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,780 ሜትር ላይ ናት፣ ከ2,000 ሜትር በታች ያለው ደግሞ ወባ የሚገኝበት ነው። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በግልገል ጊቤ ግድብ አጠገብ የሚኖሩ ሕፃናት ራቅ ብለው ከሚኖሩት ይልቅ በወባ እንደሚጠቁ አሳይተዋል። ግድቡን እዩት፣ ፎቶ ተነሱ፣ ከዚያ ነፋስ ወዳለበት ከፍታ ወጥታችሁ ተኙ። አጎበርም አይቅር።

ሁለተኛው ጉማሬ ነው። ከከተማችን አፍንጫ ሥር ቦዬ ረግረግ ላይ ጉማሬ አለ። ጉማሬ ቀን ውሃ ውስጥ ይውላል፣ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ የሚሄድበትም መንገድ አንድ ነው። ሣሩ ተጋድሞ እንደ ቦይ የገባ ዱካ ካያችሁ ያ የእሱ ነው። በእሱና በውሃው መካከል ድንኳን አይተከልም።

ገደል ሥር መጠለል

ነፋስ ይከልላል ብለው ቁልቁለቱ ሥር ይተክላሉ። በበጋ እሺ፣ በክረምት በፍጹም። ሐምሌ 2016 ጎፋ ዞን ላይ የሆነውን ሁላችንም አልቅሰንበታል። የመጀመሪያው ናዳ የቀበራቸውን ለማውጣት የመጡት ሰዎች ናቸው በሁለተኛው የተቀበሩት። ጅማ ዙሪያም መሬቱ ቀይ አፈር ነው፤ ብዙ ቀን ከዘነበበት ይከብዳል፣ ይንሸራተታል።

ጉንዳኑን አለማየት

ከተማ ያደገ ሰው ይሄን አያምነኝም። ቦንጋ አጠገብ ጫካ ዳር አንድ ሌሊት ከእንግዶቼ ጋር አደርን። ልክ እኩለ ሌሊት ላይ አንዷ እንግዳ ጮኸች። ባትሪ ሳበራ የድንኳኑ ወለል ጥቁር ሆኖ ይንቀሳቀሳል። ገብረ ጉንዳን ነው። የሚያልፍበት መስመር ላይ ተክለን ኖሯል። ፀጉሯ ውስጥ፣ ካልሲዋ ውስጥ፣ የእንቅልፍ ከረጢቷ ውስጥ ገብቷል። እያንዳንዱን በጣት እየነቀልን ሦስት ሰዓት ፈጀብን፤ ሲነቀል ሰውነቱ ይበጠሳል፣ ጭንቅላቱ ግን ነክሶ ይቀራል። ከማዶ ጩኸታችንን የሰሙ እናት አመድ በቁና ይዘው መጡና በድንኳኑ ዙሪያ በተኑልን። መስመሩን እያጠፉ «ማታ ብትጠይቁኝ እኮ እነግራችሁ ነበር፣ ዝናብ ከጣለ ጀምሮ በዚህ ነው የሚሄዱት» አሉን። ከቤታቸው እስከ ድንኳናችን 50 እርምጃ አይሞላም። ማታ እጃችንን አውለብልበንላቸው ነበር ያለፍነው።

ከሰል ድንኳን ውስጥ ማስገባት

ቡና ተፈልቶ ሲያበቃ ፍሙን ለሙቀት ብሎ ወደ ውስጥ ማስገባት። እባካችሁ። ድንኳንም ሆነ መኪና ውስጥ፣ «ትንሽ ከፍቼዋለሁ» ብትሉም። ገዳዩ ጋዝ ሽታ የለውም፣ የተኛ ሰውም አይነቃም። የምናውቃቸው ሰዎች ሞተውበታል። ብርድ ልብስ ደርቡ።

ብርድ ካነሳን አይቀር፦ ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ጅማ ላይ የሚበቃችሁ ብርድ ልብስ ስሜን ተራሮች ሳንቃበር፣ 3,250 ሜትር ላይ፣ አይበቃችሁም።

ኮከቡን ማመን

አሁን ሁሉም ስልኩ ላይ የካምፕ ቦታ የሚጠቁም አፕ አለው። ጥሩ ነገር ነው፣ እኔም እጠቀማለሁ። ግን ከኮከቡ በፊት ቀኑን እዩ። አምስት ኮከብ የሰጠው ሰው ያደረው ከስንት ዓመት በፊት ነው? በየትኛው ወር? ጥር ላይ ገነት የነበረ ቦታ ሐምሌ ላይ ረግረግ ነው። ከዚያ ወዲህ መንገዱ ተዘግቶ፣ ባለቤቱ ተለውጦ፣ አጠገቡ ጭፈራ ቤት ተከፍቶ ሊሆን ይችላል። የመንገዱን ሰላምና የነዳጁን ነገር ደግሞ አፕ አይነግራችሁም። ጠዋት መናኸሪያ ሂዱ፣ ትናንት ከዚያ የመጣ ሾፌር ፈልጋችሁ ሻይ ጋብዙት። ከእሱ የተሻለ መረጃ የለም።

ሮቶውን አለማንኳኳት

«ውሃ አለ?» ስትሉ መልሱ ሁልጊዜ «አለ» ነው። ሮቶውን ከላይ እስከ ታች በእጃችሁ አንኳኩት። ባዶው ይጮኻል፣ የሞላው ይታፈናል። ቧንቧውንም ራሳችሁ ክፈቱት። ሽንት ቤቱንም ከመክፈላችሁ በፊት እዩት።

ዋጋውንም እንዲሁ። በድንኳን ነው፣ በሰው ነው ወይስ በመኪና? ዘበኛው ለብቻ ነው? ይሄ ሁሉ ሳትተክሉ ይለቅ። ተክላችሁ ስትደራደሩ እጃችሁ ታስሯል።

የቡና ማጠቢያን መርሳት

ይሄ የእኛ አገር ጉዳይ ነው። ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ እሸት ቡና በሚሰበሰብበት ጊዜ፣ ማጠቢያ ጣቢያዎቹ ሌሊቱን ሙሉ ይሠራሉ። ቀን ሲያዩት ጸጥ ያለ ሸለቆ፣ ከጎኑ ወንዝ የሚፈስበት ነው። ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ቡና የጫኑ መኪኖች መምጣት ይጀምራሉ፣ ሞተሩ ይነሳል፣ እስኪነጋ አያርፍም። ወንዙም ከጣቢያው በታች በቡና ገለፈት የተበላሸ ነው፤ ይሸታል፣ ለምግብም ለገላም አይሆንም። ከጣቢያው በላይ ውጡ፣ ወይም ሌላ ሸለቆ ፈልጉ።

ትልቅ መኪና ይዛችሁ ከሆነ

በውጭ አገር ለእንዲህ ዓይነት መኪና የተዘጋጁ ፓርኮች አሉ፣ ለእያንዳንዱ መኪና መብራት፣ ውሃና የፍሳሽ መስመር የተዘረጋላቸው። እዚህ ያንን አትጠብቁ። እኔ የምወስዳቸው ሰፊ ግቢ ያለው ሆቴል ነው፤ ቀድሜ ደውዬም የበሩን ቁመት አስለካለሁ። አሜሪካ የተሠራ መኪና በ120 ቮልት ነው የሚሠራው፣ የእኛ መብራት 220 ነው። ቀጥታ የሰካ ሰው ዕቃውን ያቃጥላል። የቦታውን ልክነት ለማወቅ ደግሞ መሣሪያ አያስፈልግም፦ ግማሽ ውሃ ያለበት ሃይላንድ ዳሽቦርዱ ላይ አጋድሙ፣ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ እዩ።

ጫካ የመሰለውን ሁሉ ጫካ ማለት

ይሄን መጨረሻ ያደረግኩት ስለሚያመኝ ነው። ጅማ ዙሪያ ትላልቅ ዛፎች ያሉበት፣ ጥላው የሚያምር፣ ቤት የማይታይበት ቦታ ብዙ ነው። የማንም አይመስልም። ግን ከዛፎቹ ሥር ያለው ቡና ነው፣ ቡናው ደግሞ እግር በእግር ባለቤት አለው።

የዛሬ ሦስት ዓመት አጋሮ አካባቢ እንግዶቼን እንዲህ ያለ ቦታ አስገባሁ። ሰው ስላላየሁ አልጠየቅኩም። ለመኪና የሚበቃ ክፍት ቦታ ነበር፣ አልፎ አልፎ ጉቶ ያለበት። ሞተ ያልኩት ጉቶ ላይ በጎማ ሄድኩበት። ጠዋት አንድ አባት መጡ። አልጮሁም። ጎንበስ ብለው ከጎማዬ ሥር አንዱን ጉቶ ነኩት፤ ከጎኑ የወጡት ለጋ ቡቃያዎች ተጨፍልቀዋል። የተጎነደለ ቡና ነበር። ያረጀ ቡና ተጎንድሎ አዲስ ቡቃያ አውጥቶ ፍሬ እስኪሰጥ ሁለት ሦስት ዓመት ይጠበቃል። አንድ በአንድ ቆጠሯቸው፣ ሰባት ሆኑ። «ልጄ፣ ብትጠይቀኝ ጓሮዬን እሰጥህ ነበር» አሉኝ።

ካሣ ከፈልኩ። እሳቸው ግማሹን መለሱልኝ።

አሁን አጋሮ ስሄድ መጀመሪያ የምቆመው እሳቸው ደጅ ነው። ከቤታቸው ጀርባ፣ ላሞቹ ከሚያድሩበት ጎን ያስቆሙኛል። ከሰባቱ ጉቶዎች አምስቱ ዘንድሮ ፍሬ ይዘዋል።