የጀልባ ሞተር ውኃ መትፋት ሲያቆም

ቤንዚን አለ ወይ፣ የማጥፊያው ገመድ ቦታው ነው ወይ፣ እሱን አልጠይቅም። እዚህ ባሕር ዳር እጄ ላይ የሚወድቁትን ሞተሮች በምልክታቸው ልንገራችሁ።

ጥቂት ሄዶ ይጠፋል፣ አርፎ ይነሳል። የታንኩ ክዳን ላይ ያለችው መተንፈሻ ተዘግታለች። ክፈቷት። አለቀ።

ሞተሩ ይጮኻል፣ ጀልባዋ አትራመድም። ጀልባዋን የሚገፋው የፕሮፔለሩ ውስጠኛ ጎማ ለቋል። ቀስ ብላችሁ ወደ ዳር።

የማርሽ ዘይቱ ወተት መሰለ። የዓሣ መረብ ክር ዘንጉ ላይ ተጠምጥሞ ፓራሊዮውን፣ ውኃ እንዳይገባ ዘይትም እንዳይወጣ የሚያግደውን ጎማ፣ በልቶታል። ክሩን ሳታወጡ አዲስ ፓራሊዮ አትግዙ!

አዲስ ሞተር ጉልበት አነሰው። ብልሽት ላይሆን ይችላል። ጣና ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው። ሞተር በየ300 ሜትሩ 3 በመቶ ያህል ጉልበት ይቀንሳል። ቀይ ባሕር ላይ የሚፈነጭ ሞተር እዚህ ሲመጣ ቢለግም አትፍረዱበት። ፒቹ፣ ማለትም በአንድ ዙር የሚገፋው ርቀት፣ ያነሰ ፕሮፔለር ያግዘዋል።

ሞተሩን አቀዝቅዛ ከኋላ የምትፈሰው ቀጭን ውኃ ሳሳች ወይም ቆመች። ዋናው ይኼ ነው። ወዲያው አጥፉ። "ዘጌ ልንደርስ ነው" ብሎ ነገር የለም።

መጀመሪያ ሞተሩን ቀና አድርጋችሁ የታችኛውን ውኃ መሳቢያ እዩ። ፌስታል ነው፣ ሣር ነው፣ ወደ ጎርጎራ ከሆነ ደግሞ እምቦጭ ነው። የመውጫዋንም ቀዳዳ በቀጭን ሽቦ ጎርጉሩ።

ካልሆነ ኢምፔለሩ ነው፤ ውኃ የሚገፋው ባለ ክንፍ ጎማ። ክንፉን በአውራ ጣት እጠፉት። ደህናው ተስፈንጥሮ ይመለሳል። የሞተው እንደታጠፈ ይቀራል፣ ሥሩም ላይ ስንጥቅ ይታያል። በክረምት ግልገል አባይ ጭቃውን ይዞ ሲገባ ቁንዝላ የሚመላለሱት ቶሎ ይጨርሱታል። አሸዋው የፓምፑን ቤት ሳይቀር ይሞርደዋል።

አንዱ ልጅ ደውሎ "ጋሸ፣ ኢምፔለሩ እኮ የሳምንት ነው" አለኝ። ከፈትኩት። ከስድስት ክንፍ ሦስቱ የሉም። ለካ ዳር ላይ፣ ያለ ውኃ፣ ለእንግዶች አስነስቶ ድምፁን አሰምቷል። "አንድ ደቂቃ ብትሆን ነው።" ጎማውን የሚያቀዘቅዘውም የሚያለሰልሰውም ያው ውኃው ነው፤ ለዚያ ጎማ ደቂቃ ብዙ ነው። አዲስ አስገብቼ ልዘጋ ስል የጠፉት ሦስቱ ትዝ አሉኝ። ሁለቱን ከላይኛው ቱቦ፣ አንዱን ሙቀት የሚቆጣጠረው ቴርሞስታት ሥር አገኘኋቸው። የተበጠሰውን ቁራጭ ሳታገኙ አትዝጉ።

ሌላው ፎርጅድ ገዝቶ መጣ። ክንፉ እንደ ጀሪካን ክዳን ይደርቃል። በርካሽ ገዝቶ፣ ሞተሩ ግሎ፣ ፒስተን አስቀየረ!

ስትገጥሙ ዘንጉን በሰዓት አቅጣጫ እያዞራችሁ ክንፎቹን አስተኙ። በሳሙና ውኃ አርጥቡት እንጂ ግራሶ አትቀቡት። ዘንጉና ኢምፔለሩ መሃል የምትገባዋን ትንሽ ብረት እንዳትረሷት። ያለ እሷ ዘንጉ ብቻውን ይዞራል። የጋለ ሞተር ላይ ቀዝቃዛ ውኃ አትድፉ፤ ራሱ ይብረድ።

መለዋወጫ አንድ፣ ፒንሳና ካቻቢቴ ጀልባው ውስጥ ይኑሩ። ከሰዓት በኋላ ጣና ላይ ነፋሱ ሲነሳ ሞተር የሌላት ጀልባ ማዕበሉ በጎን ይመታታል።

ሙከራው በርሜል ውኃ ውስጥ ነው። በሚኒሞ፣ በዝቅተኛው ዙር፣ ይሥራ። ከኋላ በምትወጣዋ ውኃ ላይ ጣታችሁን ያዙ፤ ሞቅ ትላለች እንጂ አትፋጅም።