ከርዳዳ ፀጉር ታጥቦም ለምን ይደርቃል? መወገድ ያለባቸው ስህተቶች

«ፀጉርሽ ደርቋል፣ ቅባት ቀቢው እንጂ!» ከርዳዳ ወይም ጥቅልል ፀጉር ያላት ሴት ይህን ሳትሰማ አታድግም። ፀጉራቸውን ያሳደጉ ወንዶችም አይቀርላቸውም። ምክሩ ክፋት የለውም፣ ቦታውን ግን ስቷል። ፀጉርን የሚያረጥበው ውሃ ነው፤ ኮንዲሽነር ያለዝበዋል፤ ቅባት ደግሞ የገባው ውሃ ቶሎ እንዳይተን ይይዘዋል። አብዛኛው ስህተት የሚመጣው ይህ ተራ ሲዛባ ነው።

ከርዳዳ ፀጉር ቶሎ የሚደርቀው በተፈጥሮው ነው። የራስ ቆዳ የሚያመነጨው ወዝ በሉጫ ፀጉር ላይ ቁልቁል እየወረደ ጫፍ ድረስ ይደርሳል። በከርዳዳው ላይ ግን በየጥምዙ እየተያዘ መንገድ ላይ ይቀራል። ስሩ ወዝቶ ጫፉ የሚንኮሻኮሸው ለዚህ ነው።

ስህተት 1፦ በደረቅ ፀጉር ላይ ቅባት መደራረብ

ደረቅ ፀጉር ላይ የተቀባ ቅባት ያብለጨልጫል፣ እጅ ላይም ይቀራል፤ ፀጉሩ ግን ከስር ያው ደረቅ ነው። ቅባት የሚቀባው ታጥቦ ገና እርጥበቱ ሳይለቀው ነው፣ ያውም በትንሹ። ከመታጠብ በፊት መቀባት ግን ሌላ ነገር ነው። በተለይ የኮኮናት ዘይት ፀጉሩ ውስጥ ዘልቆ ስለሚገባ፣ በእጥበት ጊዜ የሚወጣውን ፕሮቲን ይቀንሳል። ሁሉም ዘይት እንዲህ አያደርግም። ቫዝሊን ላዩ ላይ ነው የሚቀመጠው።

ስህተት 2፦ «እንዳይደርቅ» ብሎ አለመታጠብ

ላብ፣ አቧራና የከረመ ቅባት በተጋገረበት ፀጉር ላይ ምንም ውድ ኮንዲሽነር ቢፈስ አይሠራም። በሳምንት ወይም በሁለት ሳምንት አንዴ መታጠብ ለአብዛኛው ከርዳዳ ፀጉር ይበቃል። ሹሩባ ላይ ስላላችሁ ቆዳው አይቆሽሽም ማለት አይደለም። ሻምፑ ትታችሁ በኮንዲሽነር ብቻ የምትታጠቡም አላችሁ። ለጊዜው ፀጉሩን ያለሰልሰዋል፣ ቆዳችሁ ማሳከክና መፎርፈር ከጀመረ ግን ሻምፑ ናፍቆታል ማለት ነው።

ስህተት 3፦ ፀጉሩን አናት ላይ ሰብስቦ በሻምፑ ማሸት

ሻምፑ የቆዳ ነው። ፀጉሩን ለአራት ወይም ለስድስት ከፋፍላችሁ በላላ ጉንጉን ያዙት። ከዚያ በጣት ጫፍ፣ በጥፍር ሳይሆን፣ ቆዳውን ብቻ እሹ። አረፋው በውሃ ሲወርድ ጫፉን ያጸዳዋል፤ እሱን ለብቻው መፈተግ አያስፈልግም። ሲጥ ሲጥ እስኪል የታጠበ ፀጉር ንጹሕ ሳይሆን የተራቆተ ፀጉር ነው። እንደ ሶዲየም ላውሪል ሰልፌት ያለ ጠንካራ አጣቢ ያለበትን ሻምፑ ለየሳምንቱ አልመክርም። ቅባቱ ሲበዛ አልፎ አልፎ ቢነካው ግን ዓለም አይጠፋም።

ስህተት 4፦ ሳሙናና ቤኪንግ ሶዳ

የፀጉር ላይኛው ሽፋን የዓሣ ቅርፊት በመሰሉ ስስ ንብርብሮች የተሠራ ነው። ፀጉርና የራስ ቆዳ በመጠኑ አሲዳማ ናቸው። የተለመደው ደረቅ ሳሙና ግን ፒኤቹ (የአሲድነት መለኪያው፣ ከ7 በላይ ከሆነ አሲዳማ አይደለም) 9 ወይም 10 አካባቢ ነው፤ የቤኪንግ ሶዳ ውሃም ከ8 ይበልጣል። እንዲህ ያለ ነገር ሲነካቸው ቅርፊቶቹ ይነሳሉ፣ ፀጉሩ ይሻክራል፣ እርስ በርሱ ይያያዛል። «ተፈጥሯዊ ነው» የሚለው ወሬ ይህን አይለውጠውም።

ስህተት 5፦ ኮንዲሽነሩን ቀብቶ ወዲያው ማጠብ

ልስላሴ የሚገኘው እዚህ ላይ ነው፣ ብዙ ሰው የሚቸኩለውም እዚሁ። ታጥቦ የተጎዳ ፀጉር አሉታዊ የኤሌክትሪክ ሙል (ቻርጅ) ይኖረዋል። ኮንዲሽነር ውስጥ ያሉት እንደ ቤሄንትራይሞኒየም ክሎራይድ ያሉ ነገሮች ደግሞ አዎንታዊ ሙል አላቸው፤ ተቃራኒ ሙሎች ይሳሳባሉ። ስለዚህ ፀጉሩ ላይ፣ ከሁሉም በላይ የተጎዳው ጫፍ ላይ፣ ተለጥፈው ይቀራሉ። ታጥቦም ልስላሴው የሚቆየው ለዚህ ነው።

አቀባቡ እንዲህ ነው። ውሃው ከፀጉሩ እየተንጠባጠበ እያለ አንዱን ክፋይ ፍቱ። ኮንዲሽነሩን ከመሃል እስከ ጫፍ በመዳፋችሁ እየጨመቃችሁ አስገቡት። ጭብጥ ስታደርጉት ጭልቅልቅ የሚል ድምፅ ከሰማችሁ ውሃውም ኮንዲሽነሩም በቅቶታል። ድምፅ ከሌለ ኮንዲሽነር ከመጨመራችሁ በፊት ውሃ ጨምሩ። አሁን ጫፉን በጣት ፍቱት፣ ትንሽ ከፍ በሉ፣ እንደገና ወደ ጫፍ። ቋጠሮ ካጋጠመ አትጎትቱ፤ ከዳር ዳር አላሉት። ጣት ያለችግር ካለፈ በኋላ ብቻ ጥርሱ የሰፋ ማበጠሪያ ይግባ፣ እሱም ከጫፍ ጀምሮ።

ተራ ኮንዲሽነር ጥቂት ደቂቃ ይበቃዋል። ትሪትመንት (ወፈር ያለ፣ ረዘም ላለ ጊዜ የሚቀመጥ ኮንዲሽነር) ከሆነ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ በላስቲክ ሸፍናችሁ ቆዩ፤ ሙቀት ካገኘ ይሻላል። አሳድሮ መታጠብ ትርፉ የረጠበ ትራስ ነው።

ስህተት 6፦ ደረቁን ማበጠር

ከርዳዳ ፀጉር በደረቁ ሲበጠር ይሰበራል። እርጥቡም ቢሆን በቀላሉ ይለጠጣል፣ ያለ ኮንዲሽነር ከተጎተተ ይበጠሳል።

ስህተት 7፦ የደረቀ ሁሉ ፕሮቲን ያስፈልገዋል ማለት

ፕሮቲን ያለበት ትሪትመንት ቀለም ለተቀባ ወይም በሙቀት ለተጎዳ ፀጉር ጥሩ ነው። ደህናው ላይ ሲደጋገም ግን ፀጉሩን ሊያደርቀው ይችላል። እርጥብ ፀጉር ይዛችሁ በቀስታ ሳቡት። ሳይለጠጥ ቀጭ ብሎ ከተበጠሰ ፕሮቲኑን ተዉትና በውሃና በኮንዲሽነር ላይ አተኩሩ። እንደ ሊጥ ተለጥጦ የማይመለስ ከሆነ ፕሮቲን የሚጠቅመው ያኔ ነው።

ስህተት 8፦ በፎጣ መፈተግ

በአሮጌ የጥጥ ቲሸርት ጫን ጫን እያደረጋችሁ ውሃውን ብቻ አስወጡ። ሙሉ በሙሉ አታድርቁት፤ ሊቭ ኢን ኮንዲሽነሩና (ሳይታጠብ ፀጉር ላይ የሚተወው) ቅባቱ የሚገቡት በዚህ እርጥበት ላይ ነው።

በነገራችን ላይ፣ እቃው ላይ «አልኮል» የሚል ቃል ስላያችሁ ብቻ አትደንግጡ። ሴቲል እና ሴቴአሪል አልኮል ቅባትነት ያላቸው ናቸው፣ ፀጉር ያለሰልሳሉ። የሚያደርቀው ኢታኖልና አይሶፕሮፒል አልኮል ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ፀጉሩ እንደ ሽቦ ከሆነ፣ ሻምፑውም አረፋ አልሰጥ ካለ፣ ውሃውን ጠርጥሩ። ካልሲየምና ማግኒዢየም የበዛበት ውሃ ፀጉር ላይ ደለል ይተዋል፤ ኮንዲሽነር ቢደጋገም አያነሳውም። ኢዲቲኤ (EDTA) የሚባል ንጥረ ነገር ያለበት፣ ማዕድን የሚያነሳ ሻምፑ አለ። በወር አንዴ በሱ ታጥባችሁ ወዲያው ትሪትመንት አድርጉበት።