እግሩ፣ ጣቱ ወይም ምንቃሩ ተበላሽቶ የተፈለፈለን ጫጩት እንዴት እንርዳው?

ማንኛውም ጫጩት ከቅርፊቱ እንደወጣ ይንገዳገዳል፤ ላባው ሳይደርቅ አካለ ጎደሎ ነው ብላችሁ አትፍረዱ። ደርቆም መቆም ካቃተው ግን ነገ ዛሬ አትበሉ። በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ቀናት አጥንቱም ጅማቱም ለጋ ስለሆነ የሚቃናው ያኔ ነው። ሳምንት ካለፈ በኋላ የሚታሰር እግር ብዙውን ጊዜ እንደተጣመመ ይቀራል።

መጀመሪያ ችግሩን ለዩ። ጫጩቱን ሸካራ ፎጣ ላይ አስቀምጡና ከፊት ለፊት እዩት። ሁለቱ እግሮች ወደ ጎን ተንሸራተው ደረቱ መሬት ከነካ እግሩ ተንፈራጧል። ቆሞ ግን በጣቶቹ ጀርባ ከረገጠ ችግሩ ጣቱ ላይ ነው። አንድ እግር ከቁርጭምጭሚቱ ጀምሮ ወደ ውጭ ዞሮ፣ መገጣጠሚያው ካበጠና ከኋላ ጠፍጣፋ ሆኖ ከተዳሰሰ ጅማቱ ከቦታው ወጥቷል። ይህኛው ከሌሎቹ ይከፋል።

የተንፈራጠጠ እግር

ዋናው ምክንያት የሚያንሸራትት ወለል ነው፦ ጋዜጣ፣ ፕላስቲክ፣ ልሙጥ ካርቶን። ስለዚህ ከማሰራችሁ በፊት ወለሉን ቀይሩ፤ አለበለዚያ ማሰሩ ብቻውን አይበቃም።

ግማሽ ሳንቲ ሜትር ያህል ስፋትና 10 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው የቁስል ፕላስተር ቁረጡ። አንድ ሰው ጫጩቱን በመዳፉ ይያዝ፤ ሌላው ላባ በሌለው የእግሩ ክፍል፣ ከቁርጭምጭሚቱ በታችና ከጣቶቹ በላይ፣ ይጠምጥም። ፕላስተሩ አንዱን እግር ዞሮ፣ ወደ ሌላው ተሻግሮ፣ ያንንም ዞሮ ይመለሳል፤ መሃል ላይ ሙጫው ከሙጫው ጋር ይጣበቃል። በእግሮቹ መካከል 2 ወይም 2.5 ሳንቲ ሜትር ይቅር፤ ጤነኛ እኩያው ሲቆም እግሮቹ የሚራራቁትን ያህል ማለት ነው። ካጠበባችሁት ይወድቃል፤ ካሰፋችሁት ምንም አልሠራችሁም።

በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ይገለበጣል። በጀርባው ወድቆ መነሳት ካቃተው ሊሞት ስለሚችል አጠገቡ ሁኑ። የውኃው ዕቃ ጥልቀት የሌለው ይሁን፤ እንዳይሰምጥም ጠጠር ጨምሩበት። እግሩን ደጋግማችሁ እዩ፦ ካበጠ፣ ከቀዘቀዘ ወይም ከጠቆረ ወዲያውኑ ፍቱት። ጫጩት ቶሎ ስለሚያድግ ፕላስተሩ በየቀኑ ወይም በየሁለት ቀኑ ይቀየር። ሲነሳም አትቦጭቁት፤ ቆዳው ስስ ነው፣ በዘይት አርሱት። አብዛኞቹ ከሦስት እስከ አምስት ቀን ባለው ጊዜ ይቃናሉ።

የተጠቀለለ ጣት

ከጠንካራ ካርቶን ከእግሩ ትንሽ የሚሰፋ ጫማ ቁረጡ። ሦስቱን ጣቶች ወደ ፊት፣ አንዱን ወደ ኋላ ዘርግታችሁ ከላይ በቀጭን ፕላስተር አጣብቁ፤ አንድ ሁለት ቀን ይበቃል። ሁለቱም እግሮች ወደ ውስጥ ተጨብጠው ጫጩቱ በቁርጭምጭሚቱ ከሄደ ግን ጫማ ብቻውን አያድነውም፤ ምልክቱ የቫይታሚን ቢ2 (ሪቦፍላቪን) እጥረት ነው። በውኃ የሚሟሟ የዶሮ ቫይታሚን በማሸጊያው ላይ በተጻፈው መጠን ስጡ። ብርሃን ሪቦፍላቪንን ስለሚያበላሽ በየቀኑ አዲስ በጥብጡ። ቆይቶ ነርቩ ከተጎዳ አይመለስም።

የወጣ ጅማት

እግሩን ቀስ አድርጋችሁ ወደ ኋላ ዘርጉና ጅማቱን በአውራ ጣት በመገጣጠሚያው ጀርባ ወዳለው ቦይ ግፉት፤ ሲገባ ይሰማችኋል። ከዚያ እግሩን ትንሽ አጥፋችሁ በለስላሳ ፋሻ ደግፉት። ማንጋኒዝና ኮሊን የሚባሉት ንጥረ ነገሮች ያነሱት መኖ ለዚህ ስለሚያጋልጥ መኖውን መርምሩ። ቀናት ያለፉት ግን እምብዛም አይመለስም። ያለማቋረጥ እየጮኸ፣ ሳይበላና ሳይጠጣ የሚሰቃይን ጫጩት ማቆየት ርኅራኄ አይደለም፤ ሕመም በሌለው መንገድ እንዲያርፍ የእንስሳት ሐኪም አማክሩ።

የተጣመመ ምንቃር

ላይኛውና ታችኛው ተላልፎ የበቀለ ምንቃር በማሰር አይድንም፤ ጫጩቱ ባደገ ቁጥር መተላለፉም ይብሳል። ቢሆንም ብዙዎቹ በደንብ ይኖራሉ። መሬት ላይ የተበተነ መኖ ማንሳት ስለማይችሉ በውኃ የራሰ የላመ መኖ ጠለቅ ባለ ዕቃ፣ በጀርባቸው ከፍታ አቅርቡላቸው። የረዘመውን ጫፍ በጥፍር ሞረድ በጥቂቱ ሞርዱ፤ ወደ ውስጥ ከገባችሁ ይደማል። በየቀኑ መዝኑት፤ ሌሎቹ እየጨመሩ እሱ ባለበት ከቆመ በቂ እየበላ አይደለም። ሲያድግ ለዘር አትያዙት፤ ችግሩ በዘር ሊተላለፍ ይችላል።

ችግሩ የትኛውም ይሁን፣ ሙቀቱን በጥንቃቄ አዘጋጁ። በመጀመሪያው ሳምንት በጫጩቱ ጀርባ ከፍታ ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በየሳምንቱ 3 ዲግሪ ያህል ይቀነሳል። መራመድ ያቃተው ጫጩት ሲሞቀው መሸሽ ስለማይችል ልክ አምፖሉ ሥር አታስቀምጡት። በሆዱ የቀረው አስኳል ሁለት ቀን ያህል ስለሚያቆየው በመጀመሪያው ቀን በግድ አታብሉት። ውኃ ስትሰጡት ጠብታውን በምንቃሩ ጎን አስነኩት እንጂ ጉሮሮው ውስጥ አታፍስሱ፤ ወደ ሳንባው ከገባ ይገድለዋል።

ሌሎቹ ፕላስተሩን፣ በተለይ ቀይ ከሆነ፣ ስለሚነቁሩት ለዩት፤ ብቻውን ግን አትተዉት። የሽቦ ወንፊት በመካከል አድርጉ፣ ወይም አንድ ረጋ ያለ ጫጩት ጨምሩለት።

ከአንድ ፍልፈላ ብዙዎቹ ተበላሽተው ከወጡ ግን የእናቶቹን መኖና የመፈልፈያ ማሽኑን ሙቀት መርምሩ። አየር በማራገቢያ በሚዘዋወርበት ማሽን ሙቀቱ 37.5 ዲግሪ አካባቢ መሆን አለበት። በማሽኑ ቴርሞሜትር ብቻ አትመኑ፤ ሌላ ጨምራችሁ አመሳክሩት።