ሐዋሳ ሐይቅ ዳር «ታገቢኛለሽ?» ልትል ላሰብክ

ሐዋሳ ውስጥ የሰርግና የልደት ዲኮር እሠራለሁ። አሁን አሁን ግን የሚደወልልኝ ስልክ ብዙው ለሌላ ጉዳይ ነው፤ «እህቴ፣ ሐይቁ ዳር ፕሮፖዝ ላደርግ ነው፣ ምን ምን ያስፈልጋል?» ወንዶቹ የሚጠይቁኝ ስለ አበባና ስለ ሻማ ነው። እኔ ከአበባው በፊት አንድ ነገር እጠይቃለሁ፦ ስለ ትዳር ተነጋግራችኋል? የት እንደምትኖሩ፣ ቤተሰብ ምን እንደሚል፣ ስለ ሃይማኖት፣ ስለ ልጅ? ካልተነጋገራችሁ ቀለበቱ ለጊዜው ይቆይ። ሰርፕራይዙ ቀኑና ቦታው ላይ ይሁን፤ ጥያቄው ራሱ ግን ዱብ ዕዳ አይሁንባት። የማያውቃት ሰው ስልኩን ደቅኖ «እሺ በይ! እሺ በይ!» እያለ ሲጮህባት የሚወጣት እሺ፣ ማታ ቤቷ ስትገባ ይከብዳታል።

ከዚያ ባሕርይዋን የምታውቅ ሴት፣ እህቷን ወይም የልብ ጓደኛዋን፣ አማክር። ሰው ፊት መታየት የማትወድ ከሆነች ቅዳሜ ማታ ፍቅር ሐይቅ በሚባለው የሐይቁ ዳር መዝናኛ ላይ አትጠይቃት።

ሰዓቱን ስትመርጥ ሁሉም የፀሐይ መጥለቂያን ይላል። ሐይቁ ከከተማው በስተምዕራብ ስለሆነ ፀሐይዋ በእርግጥም ውሃው ላይ ነው የምትገባው፤ ኅዳር ላይ 12 ሰዓት እንዳለፈ፣ የካቲት ላይ ደግሞ 12 ሰዓት ተኩልን አልፋ ትጠልቃለች። ግን ከሰዓት በኋላ ንፋስ ይነሳል፣ ውሃው ይናወጣል፣ ሰውም የሚበዛው ያኔ ነው። እኔ ብጠየቅ ጠዋት እላለሁ፤ ያውም በሥራ ቀን፣ ከ1 ሰዓት እስከ 2 ሰዓት ተኩል ድረስ። ውሃው ጸጥ ይላል፣ ወፎቹ ዳር ላይ ናቸው፣ ብርሃኑ ከከተማው በኩል ስለሚመጣ ሐይቁን ጀርባዋ አድርጋ ስትቆም ፊቷ ይበራል። ማታ በዚያው አቋቋም ብታስቆማት ፎቶው ላይ ጥላ ብቻ ሆና ትወጣለች። ስለዚህ ማታ ከሆነ እሷ ወደ ሐይቁ ትዙር፣ ካሜራው ከውሃው በኩል ይሁን።

ከቀኖች ታህሳስ 19 እና ሐምሌ 19 አይሆኑም። የሐዋሳ ገብርኤል ንግሥ ነውና ከተማው በምዕመናን ይሞላል፣ አልጋም አይገኝም። የሲዳማ ዘመን መለወጫ ፍቼ ጫምባላላም፣ በ2008 ዓ.ም. በዩኔስኮ የተመዘገበው፣ ሐይቁ አጠገብ ጉዱማሌ ላይ ነው የሚከበረው። ቀኑን አያንቶ የሚባሉት የሲዳማ ኮከብ ቆጣሪዎች ከዋክብትን አይተው ስለሚወስኑት በየዓመቱ ይለያያል፤ አስቀድመህ ጠይቅ። ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ነው ለእኔ የሚመቸኝ።

ቦታው፦ ፍቅር ሐይቅ ለመድረስ ቀላል ነው፣ ሰው ግን አይጠፋም። የአሳ ገበያው ያለበት አሞራ ገደል መናፈሻ ትልልቅ ዛፎች አሉት፣ ጥላው ግሩም ነው፤ ሲገቡ ይከፈላል፣ ለቪዲዮ ካሜራም ጥያቄ እንዳይነሳ በዋዜማው ሄደህ በሩ ላይ አነጋግር። ጦጣዎቹን ደግሞ አደራ። ኬክ ክፍት ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠህ ዞር ካልክ ኬክ የለህም። ኬክ፣ ሙዝ፣ ለስላሳ፣ ሁሉም ተከድኖ መኪና ወይም ባጃጅ ውስጥ ይቆይ፤ ቀለበቱ ከተደረገ በኋላ ይውጣ። አባ ኮዳዎቹ፣ እነዚያ ትልልቅ ወፎች፣ ከአሳው ፍርፋሪ አጠገብ አይጠፉም፤ ምንጣፍህን ከአሳ ገበያው ራቅ አድርገህ ዘርጋ፣ ሽታውም ያስቸግራል።

ዲኮሩን አታብዛው። ሐይቅ ዳር ያለ ነፋስ ግልጥ ሻማን አይምርም። ጥልቅ ብርጭቆ ውሰድ፣ ታቹ ላይ ሁለት ጣት ያህል አሸዋ ጨምር፣ አጭር ወፍራም ሻማ አሸዋው ውስጥ ትከል፣ እሳቱ ከብርጭቆው አፍ ቢያንስ አራት ጣት ዝቅ ይበል። አሸዋው ብርጭቆውን ያከብደዋል፣ ነፋሱም አይገለብጠውም። የምንጣፉን አራት ማዕዘን ከሥር በድንጋይ ያዝ። ፊኛ እሾሃማ ግራር አጠገብ አይሠራም፣ ፍንዳታውም ያስደነግጣታል፤ ተነፍቶ ሐይቁ ውስጥ የገባ ፊኛ ደግሞ የአሳ አጥማጁን መረብ ነው የሚያቆሽሸው። የፕላስቲክ ቅጠልም እንደዚያው። እውነተኛ ጽጌረዳ በትን፣ ስትጨርስ ግን እሱንም ልቀም። ሐይቁ መውጫ የለውም፤ የገባው ሁሉ እዚያው ይቀራል።

ሰዎቹን በተመለከተ፦ ቦታው የሁሉም ነውና «ዞር በሉ» ማለት አትችልም። ቀድመህ ብትደርስ፣ ሊስትሮዎቹንና ቆሎ ሻጮቹን አክብረህ ብታናግር ግን ልጆቹ ራሳቸው ሰው እንዳይሰበሰብ ይጠብቁልሃል። ጫማህን አስጠርግ፣ ቆሎ ግዛ፣ «ወንድሞቼ፣ ለአሥር ደቂቃ እርዱኝ» በል። ድሮን ያለ ፈቃድ እንዳታስነሳ፤ ጣጣው የዕለቱን ደስታ ያበላሻል።

ጀልባ ላይ ልጠይቃት የሚሉኝ አሉ፤ እኔ አልስማማም። ጀልባ ላይ መሄጃ የላትም፣ ማሰቢያ ጊዜም የላትም፤ ባለ ጀልባው አፍጥጦ ይሰማል፣ ቀለበት ውሃ ውስጥ ከወደቀም አይገኝም። መሬት ላይ ጠይቃት፣ ከዚያ ጉማሬ ለማየት አብራችሁ ሂዱ፤ ዋጋ ቀድማችሁ ተስማሙ፣ የነፍስ አድን ጃኬት ከሌለው አትሳፈሩ። ለፎቶ ብላችሁ ባዶ እግራችሁን ውሃው ውስጥ አትግቡ፣ ዳርቻው ላይ ቢልሃርዚያ አለ።

ስትጠይቃት ንግግር አትደርድር። ስሟን ጥራ፣ ጠይቅ፣ ዝም በል። ብታለቅስም ጠብቃት። «ትንሽ ጊዜ ስጠኝ» ካለችህ ተነሣ፣ ፎቶ አንሺው ይሂድ፣ አብራችሁ ቁርስ ብሉ። እሺ ካለች ደግሞ አሞራ ገደል ትኩስ የአሳ ጥብስ በአዋዜ አለ፤ የምትጾሙ ከሆነ አሳ የማይበላ ስላለ ሽሮ ያለበት ቤት ቀድመህ እወቅ።

ቀለበት ጋብቻ አይደለም። ድግስ ሳንል በጸጥታ እንጋባ ካላችሁም በክብር መዝገብ፣ በሃይማኖት ወይም በባህል መፈጸም አለበት፤ ክብር መዝገብ ቀድሞ ማመልከቻና ምስክሮች ይፈልጋል።

ቪዲዮውን የዚያኑ ቀን ቲክቶክ ላይ አትልቀቅ። መጀመሪያ እናትህ ትስማ፣ ቀጥሎ እሷ ለእናቷ ትንገር፣ ከዚያ ሽማግሌ ምረጥ። አባቷ ነገሩን ከጎረቤት ስልክ ላይ ካዩት ሽማግሌዎችህ በሄዱበት ቀን ነገሩን በይቅርታ ነው የሚጀምሩት። ሽማግሌዎቹ «ልጃችንን ሰጥተናል» ከተባሉ በኋላ ማታውኑ ልቀቁት።