የዳዊት ንባብ ለተቋረጠባችሁ

ደብረ ማርቆስም ሁኑ ዳንግላ፣ ዳዊት መድገም ጀምራችሁ በጤፍ አጨዳ ሰሞን ከተቋረጠባችሁ ያለፈውን ለማካካስ አትሞክሩ። አከፋፈሉ በዕለት ስለሆነ የዛሬውን ክፈቱ። ሰኞ ከ1 እስከ 30 ነው፣ ማክሰኞ ከ31 እስከ 60፣ ረቡዕ ከ61 እስከ 80። ሐሙስ ከተመለሳችሁ ከ81 ጀምሩ፤ ያመለጣችሁ ሰኞ በሳምንቱ ራሱ ይመጣል። ሠላሳ መዝሙር ሥራ ለሚጠብቀው ሰው ብዙ ነው (ለእኔም ብዙ ነው)፤ ሦስቱን በማስተዋል ማንበብ ሁሉን ከማነብነብ ይሻላል ባይ ነኝ።

የሚከፋው ግን ሰው በበደለ ማግስት ከመጽሐፉ መሸሹ ነው። «ንጹሕ ስሆን እመለሳለሁ» ይላል፤ መቼ ሊሆን! በዚያ ቀን 50ኛውን መዝሙር አንብቡ። ዳዊት በቤርሳቤህ ምክንያት ነቢዩ ናታን ከገሠጸው በኋላ የጸለየው ነው፤ በአንዳንድ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ቁጥሩ 51 ነው። ቀጥሎ ሮሜ ምዕራፍ 5ን ክፈቱ፤ ክርስቶስ ገና ኃጢአተኞች ሳለን እንደ ሞተልን ጳውሎስ ሳያድበሰብስ ጽፎታል። ምዕራፍ 6ን ሳታነቡ ግን መጽሐፉን አትዝጉ፤ ጸጋን ለኃጢአት ፈቃድ ማድረግ የሚያምረውን ሰው መንገድ ላይ የሚያስቆመው እሱ ነው።